ጀማን በሳይክል፦ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሆንም፣ በሁለት ቀን ይሆናል

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ጫንጮ እየነዳን እንመለሳለን። አንዳንዴ ዙሪያውን ጨምረን 120 ኪሎ ሜትር እንሞላለን። አሁን ሰሜን ሸዋ ወርጄ የጀማን ወንዝ ሸለቆ በሳይክል ማቋረጥ አምሮኛል። ሳይክሉን በመኪና ሙከጡሪ አደርሰዋለሁ። ከዚያ በለሚ አድርጌ፣ ጀማን ተሻግሬ ዓለም ከተማ እደርስና በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ግማሹ ቁልቁለት ስለሆነ እግሬ ያርፋል ብዬ አስባለሁ። ሳይክሌ ያገለገለ የኮርስ ሳይክል ነው። ፊት 53/39፣ ኋላ ከ11 እስከ 25 ጥርስ አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬ የሚይዘው ዓይነት ነው። እረፍት የማገኘው ጥር ላይ ነው። ይቻላል? ወይስ ዓባይ በረሃ ይሻለኛል?»

በአንድ ቀን አይቻልም። ማለቴ ለአንተ፣ በዚያ ሳይክል፣ በዚያ ማርሽ። በሁለት ቀን ግን ይቻላል፤ መንገዱም ልፋቱን ይክሳል። ከዓባይ በረሃም ጀማን እመርጥልሃለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

መጀመሪያ «ግማሹ ቁልቁለት ስለሆነ እግሬ ያርፋል» ያልከውን እናስተካክል። የእንጦጦ ልምድ ነው ያሳሳተህ። እንጦጦ ላይ ጉልበትህ ሙሉ ሳለ ትወጣለህ፤ ሲደክምህ ቁልቁለቱ ወደ ቤት ይመልስሃል። ሸለቆ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቁልቁለቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ዳገቱ የሚጠብቅህ ከታች፣ ሙቀቱ ውስጥ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። እንጦጦ ላይ ከደከመህ ዞረህ መውረድ ትችላለህ። ጀማ ድልድይ ላይ ከደከመህ ግን በየትኛውም በኩል ብትዞር ዳገት ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚያቅድ ሰው የሚነሳበትን ሰዓት መጀመሪያ አያስብም። ወንዙ ላይ የሚደርስበትን ሰዓት ይወስንና ወደ ኋላ ይቆጥራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጀማ ድልድይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ስትሄድ 1,200 ሜትር ወርደህ ወደ 1,000 ሜትር ትወጣለህ። ስትመለስ እነዚያን 1,000 ወርደህ 1,200 ትወጣለህ። ከሙከጡሪ እስከ ዓለም ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ደርሶ መልሱ ከ200 ያልፋል። አንተ የለመድከው 120 ደግሞ አብዛኛው ደጋ ሜዳ ነው፤ ከእንጦጦ በቀር ረጅም ዳገት የለውም። አንድ ደህና አማተር ዳገት ላይ በሰዓት ከ500 እስከ 600 ሜትር ከፍታ ያገኛል። በዚህ ስሌት አንዱ ዳገት ብቻ ሳታርፍ ወደ 2 ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ቀን ብትደርባቸው ሁለተኛውን የምትጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሸለቆው እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት። መጨረሻው ላይ ወይ ሳይክል እየገፋህ ይመሽብሃል፣ ወይ የጭነት መኪና ትለምናለህ።

በዚህ ላይ ደግሞ ማርሽህ። ይህን ጉዳይ ብዙ ሰው በእልህ የሚፈታ ይመስለዋል። አይፈታም። 7 በመቶ ዳገት እንውሰድ፤ ማለትም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚያስወጣ። አንተና ሳይክልህ አንድ ላይ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። የአንተ ትንሹ፣ ማለትም ለመግፋት የሚቀለው ማርሽ ፊት 39፣ ኋላ 25 ጥርስ ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ፔዳል ብትመታ ፍጥነትህ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ለመቆየት ከ200 ዋት በላይ ያስፈልግሃል፤ ያውም ለ2 ሰዓት ያህል። አብዛኛው የቅዳሜ ጋላቢ ይህን 20 ደቂቃ ይዞ አቅሙን ይጨርሳል። ፊት 34፣ ኋላ 34 ጥርስ ብታስገባ በዚያው የፔዳል ምት 7.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፤ የሚጠየቀው ጉልበትም ወደ 135 ዋት ይወርዳል። ይህ እያወራህ የምትይዘው ነው። በአሁኑ ማርሽህ ቀስ ልበል ካልክ ምትህ ከ45 በታች ይወርድና ሸክሙ ጉልበትህ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። በማግስቱ ደረጃ ስትወርድ ታውቀዋለህ።

መፍትሔ አለው። ፊት 50/34፣ ኋላ እስከ 32 ወይም 34 የሚደርስ ጥርስ አስገጥም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የድሮ የኋላ ማርሽ መቀየሪያ አጭር ከሆነ ከ28 በላይ አይቀበልም። በጉልበት ካስገባኸው ካቴናው ይወጠርና ትልቁ ጥርስ ላይ ይነክሳል። ስለዚህ መካኒኩ መቀየሪያውንም ረጅም ክንድ ባለው ይለውጥልህ፤ ካቴናውንም በልኩ ይቁረጠው። ያገለገለ ካቴና በአዲስ ጥርስ ላይ አትጫን፤ ይዘላል። ዳገት ላይ ቆመህ ስትገፋ ካቴና ከዘለለ ደግሞ ደረትህ መሪው ላይ ነው የሚያርፈው።

ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ፤ እውነት ለመናገር እኔን ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። 85 ኪሎ ክብደት 1,200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው የት ይሄዳል? ፍሬንህ ላይ። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ በቀጥታ ቸርኬው ውስጥ ይገባል፤ ቸርኬው ውስጥ ያለው ደግሞ ከመነዳሪህ ነው። ፈሪ ሰው ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ቀስ አድርጎ ይዞ ይወርዳል፤ ጥንቃቄ ይመስለዋል። በጣም አደገኛው አወራረድ እሱ ነው። ቸርኬው የመቀዝቀዣ ጊዜ አያገኝም፤ በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ያረጀ ከመነዳሪ ወይም የተለጠፈ ፓች ኩርባ መሀል ላይ ይፈነዳል።

ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ቀጥ ባለው ቦታ ልቀቀው፤ ሰውነትህን ቀና አድርግ፣ ደረትህ ነፋሱን ይያዝ። ኩርባው ሳይደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርገህ ያዝና ፍጥነትህን ቀንሰህ ጨርስ። ከዚያ ልቀቅና ኩርባውን ያለ ፍሬን ዙር። ያዝ፣ ልቀቅ፤ ያዝ፣ ልቀቅ። መንገዱ ሰፋ ባለበትና ከሁለቱም በኩል በምትታይበት ቦታ ሁለት ሦስቴ ቁም። ቸርኬውን በእጅህ አትንካ። ከኮዳህ ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበት። ጭስስ ካለ ወርደህ 10 ደቂቃ ፎቶ አንሳ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ሲነጩ ለማየትም ጥሩ ሰበብ ነው። ብስኩት ግን እንዳትሰጣቸው።

ከመሄድህ በፊት የፍሬን ላስቲኮቹን ፈትተህ እያቸው። በላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ አልቋል ማለት ነው። ላስቲኩ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ስብርባሪ ካየህ በመርፌ አውጣው፤ ቸርኬህን እየበላው ነው። ቸርኬህ የካርቦን ከሆነ ወይም ጎማህ በማጣበቂያ የሚያያዝ ቱቡላር ከሆነ በዚያ ሳይክል ጀማ አትውረድ። ማጣበቂያው በሙቀት ይላላል። አልሙኒየም ቸርኬ ተውሰህም ቢሆን ቀይር።

ጎማህ 23 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሹካህና ፍሬንህ እስከፈቀዱ ድረስ 25 ወይም 28 አድርገው። ሁለት አዲስ ከመነዳሪ፣ ፓችና ኮላ፣ በእጅ የሚነፋ ፖምፓ ያዝ። በየከተማው ጎሚስታ አለ ብለህ አትተማመን። አለ፤ ግን የሲኖትራክና የባጃጅ ነው። የኮርስ ሳይክል ቀጭኑ ቫልቭ ከኮምፕሬሰሩ አፍ ጋር አይገጥምም። እንደ ቀለበት የሚጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ አለች፤ ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም። ቫልቭህ ላይ አጥልቀሃት ሂድ።

መንገዱ ለምን እንዲህ እንደሆነ ብታውቅ አነዳድህን ይቀይረዋል። የሸዋ ደጋ ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት። ከሱ ሥር፣ ይህ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች አሸዋ ድንጋይ። ጀማ ወደ ዓባይ የሚሄድ ወንዝ ነው፤ እንደ ወንጪት ያሉ ገባር ወንዞችን ይዞ ይህን ሁሉ ሸርሽሮ ነው የወረደው። ባዛልቱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከላይ ያለው ክፍል ጠምዛዛና ቋጥኝ የሚንከባለልበት ነው። ወረድ ስትል እርከን እርከን ይሆናል፤ እርሻና መንደር ታያለህ፤ መንገዱም ትንፋሽ ይሰጥሃል። በቋጥኙ ግርጌ የተከማቸው ልል አፈር ግን ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ፎቶ አይተህ «አስፋልቱ ልስልስ ነው» አትበል። ከክረምት በኋላ ኩርባው ላይ ጠጠር፣ የተሰነጠቀ ጠርዝ፣ ያበጠ አስፋልት ሊጠብቅህ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች እንደማታውቀው መንገድ ውረዳቸው፤ አታውቀውምና።

የኖራ ድንጋዩ ሌላም ነገር አምጥቷል፤ ሲሚንቶ። ሙገርም፣ ደርባም፣ አሁን ደግሞ ለሚ ላይ የተተከለው ትልቁ ፋብሪካ ከዚሁ ሀብት ነው የሚኖሩት። የለሚው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቋል። ይህ ለአንተ ምን ማለት መሰለህ? በሙከጡሪና በለሚ መካከል ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች ይመላለሳሉ። ከሙከጡሪ እጀምራለሁ ያልከውን ተወው የምልህ ለዚህ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የምታየው ያን ያህል ነገር የለም፤ አቧራና የመኪና ነፋስ ትጠጣለህ፣ እግርህንም በከንቱ ታደክማለህ። ሸለቆው የሚጀምረው ከለሚ ነው። አንተም ከለሚ ጀምር።

ሸለቆው ውስጥ ከባድ መኪና ከገጠመህ አንድ ሕግ ብቻ ያዝ፦ ኩርባ ላይ በመኪናውና በመንገዱ የውስጥ ጠርዝ መካከል በፍጹም አትግባ። መኪናው ሲዞር የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ሹፌሩም አያይህም። ከፊትህ በዝቅተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ የሚወርድ ካለ ቁምና ይራቅልህ። ጭሱና የፍሬኑ ሽታ ራሱ ያባርርሃል።

ስለ ወቅቱ። ጥርን ተው፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሂድ። ዝናቡ አቁሟል፣ ጤፉ እየቀላ ነው፣ ወንዙም ገና ውሃ አለው። ጥር ላይ ሁለት ነገር ይገጥምሃል። አንደኛው ጠዋት ለሚ ላይ ያለው ብርድ ነው፤ ጣት ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅታል። ሁለተኛውን ሰው አያስተውለውም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከጀማ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣው ዳገት ደግሞ ፊቱን በጥቅሉ ወደ ደቡብ ነው የሰጠው። ስለዚህ በበጋ ያ ዳገት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ወደ ለሚ የሚመለሰው ዳገት ፊቱ ወደ ሰሜን በመሆኑ ጠዋት ላይ ከገደሉ ጥላ ታገኛለህ። ጥቅምትና ኅዳርም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ግን ምድሩ ገና አልደረቀም፣ አልጋለም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ቆላውን እርሳው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጉም፣ ጭቃና የሚወርድ ድንጋይ ነው።

ሙቀቱን በቀላሉ አትመልከተው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ስትወርድ በግምት 6 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። ለሚ ላይ 22 ዲግሪ ከሆነ ድልድዩ ላይ 30 ነው፤ ከድንጋዩና ከአስፋልቱ የሚመለሰው ሳይቆጠር። ሜዳ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ስትበር ነፋሱ ያበርድሃል። ዳገት ላይ በ8 ኪሎ ሜትር ስትጎተት ነፋስ የለም፤ ላብህ ቆዳህ ላይ ይንቆረቆራል እንጂ አያበርድህም። አዲስ አበባ መኖርህ ለከፍታው ጠቅሞሃል፤ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው ለሚ ላይ ያለከልካል፣ አንተ አታለከልክም። ለሙቀቱ ግን ምንም አላዘጋጀህም። እንጦጦ ብርድ ነው።

በሰዓት ወደ 1 ሊትር ውሃ ያስፈልግሃል። ድልድዩን ስትሻገር ሁለቱም ኮዳህ ሙሉ ይሁን፤ መኪናው ውስጥም ቢያንስ 5 ሊትር ይኑር። ንጹህ ውሃ ብቻ እየደጋገምክ አትጠጣ፤ በላብ የወጣው ጨው ካልተተካ ራስህን ያዞርሃል፣ ያቅለሸልሽሃል። ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ግዛ። ካላገኘህ በሶ በጨውና በማር በጥብጠህ በአንዱ ኮዳ ያዝ። ውጭ አገር በፓኬት ከሚሸጠው የስፖርተኛ ጄል አይተናነስም፤ በእኔ አስተያየት ይበልጠዋል። ቀጠን አድርገው እንጂ፣ ካለበለዚያ የኮዳው አፍ ይዘጋል። ሙዝና ዳቦም ያዝ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ በእነዚያ ቀናት አትንዳ። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለውም፤ ሽሮና በያይነቱ ለሳይክል ነጂ ጥሩ ነው። ችግሩ ባዶ ሆድ ነው።

መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ ላብ ድንገት መቆም፣ የሐሳብ መደናገር፤ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ጉዞው አልቋል። ጥላ ፈልግ፣ ውሃ አናትህና አንገትህ ላይ አፍስስ፣ መኪና ላይ ውጣ። ዓለም ከተማ ሆስፒታል አለ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚለው ጓደኛህን በዚያ ሰዓት አትስማው።

ዓባይ በረሃን ለምን አልመረጥኩልህም? ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ በአማካይ 7 በመቶ ማለት ነው። እንደ ስፖርት ድንቅ ነው። እንደ መንገድ ግን የጎጃም ዋና መስመር ነው፤ የነዳጅ ቦቴና ተሳቢ ቀን ከሌት አይለየውም። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ተጣሟል። ቀጭን ጎማ እንዲህ ያለ ቦይ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ማየት ከፈለግህ በመኪና ሂድ።

የጣርማ በር ቁልቁለትም ይነሳል፤ ጓደኞችህ አንስተውት ይሆናል። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚያ የሚወጣ ሰው ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ግን የደሴ መስመር ነው፤ መኪናው ብዙ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻም ለሳይክል ጨለማና ጠባብ ነው፤ ያለ መብራትና ያለ አጃቢ መኪና አይገባም። ለጊዜው ይቆይህ።

አሁን ከሁሉም በላይ ስለሆነው ጉዳይ፤ ጸጥታ። በቅርብ ዓመታት በአማራውም በኦሮሚያውም ሰሜን ሸዋ ግጭት ነበር። መንገድ የተዘጋበት፣ መንገደኛ የታገተበት ጊዜ አለ። ይህ በሳምንት ውስጥ ይለዋወጣልና ከእኔ መልስ ላይ ተነስተህ አትወስን። ከመውጣትህ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄደህ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቅ። ከአንድ በላይ ጠይቅ። ዓለም ከተማ የምታድርበትን ሆቴልም ደውለህ ጠይቅ። «ሰላም ነው፣ ግን…» ካሉህ «ግን» የምትለዋን ስማ፤ አትሂድ። ሸለቆው መቶ ዓመትም ይጠብቅሃል። መታወቂያ ያዝ። ኬላና ድልድይ ላይ ካሜራ አታውጣ። ድሮን የሚባል ነገር ቤትህ ተወው። ከጨለመ በኋላ በሳይክልም በመኪናም አትንቀሳቀስ። ስልክህ ሸለቆ ውስጥ ይሠራል ብለህም አትመን።

ከሰዉ ጋር ችግር አይገጥምህም፤ ቀድመህ ሰላምታ ከሰጠህ። ልጆች እየሮጡ ይከተሉሃል። ዝም ብሎ የሚያልፈውን ነው ድንጋይ የሚያስነሳባቸው። «እንደምን አደራችሁ» ብለህ እጅህን ካነሳህ ሳይክልህን በእልልታ ይገፉልሃል። ዳገት ላይ ቢገፉህም ደስ ይልሃል። ከልጅ የበለጠ የምትጠነቀቀው የተጫነች አህያ ነው። ስትሰማህ ወደ ዳር አትሄድም፤ መንገዱ መሀል ላይ ትዞርና ጭነቷ መንገዱን ሁሉ ይይዘዋል። የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቅና ያን ቀን ዝለለው።

የምመክርህ እንግዲህ ይህን ነው። መጀመሪያ ማርሹን አስቀይር። ከዚያ እንጦጦን ተለማመድ። ከሽሮ ሜዳ አንዴ መውጣት በግምት 400 ሜትር ከፍታ ነው። በአንድ ጠዋት 3 ጊዜ፣ ሳትቆም፣ ቁጭ ብለህ፣ እያወራህ መውጣት ስትችል የጀማን አንድ ዳገት ያህል ወጣህ ማለት ነው። ይህን ሳታደርግ አትሂድ። አብሮህ የሚሄድ መኪና ይኑር፤ ይህ አማራጭ አይደለም። አብሮህ የሚነዳ ሰውም ቢሆን እሱን አይተካም።

ዓርብ ከሰዓት በፊት በመኪና ተነስተህ በብርሃን ለሚ ግባና እደር። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስ። ጓንትና የንፋስ ጃኬት ልበስ፤ ታች ስትደርስ መኪና ውስጥ ትወረውረዋለህ። ከ2 ሰዓት በፊት ድልድዩ ላይ መሆን አለብህ። በምንም ምክንያት ዘግይተህ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድልድዩን ካልተሻገርክ ሳይክሉን መኪና ላይ ጫንና ዳገቱን በመኪና ውጣ። ከተሻገርክ ቀስ ብለህ ከረፋዱ በፊት አብዛኛውን ዳገት ትጨርሳለህ። ዓለም ከተማ ምሳህን ብላ፣ ተኛ፣ ማታ እንደገና ብላ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ በቀዝቃዛው ውረድ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወንዙ ላይ ትሆናለህ፤ የለሚን ዳገት በጥላው በኩል እስከ 4 ሰዓት ትጨርሰዋለህ። ከዚያ ሳይክሉን ጭነህ ወደ አዲስ አበባ።

ማርሹን ማስቀየር ካልቻልክ ወይም መኪና ካላገኘህ ጀማን ከላይ ሆነህ እየው። ከለሚ ወጥተህ የገደሉ ጫፍ ድረስ ንዳ፣ ሸለቆውን ተመልከት፣ ተመለስ። ወይም በደብረ ሊባኖስ መገንጠያ በኩል ያለውን ገደል ምረጥ። እዚያ ከዋናው መንገድ ብዙ ሳትርቅ ጭላዳውንም ገደሉንም ታገኛለህ፤ የምትወጣውም ዳገት በ39 በ25 የሚቻል አጭር ዳገት ነው።